የቡሌ ፈቃድ

ካሳነሽ ይርጋ አባቷን ቀብራ ወደ ሥራ በተመለሰች ጠዋት ኮምፒውተሯ አላውቅሽም አላት። «ግንኙነት የለም» የሚል ጽሑፍ አወጣ፤ አጥፍታ ብታበራውም ያው «ግንኙነት የለም»። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ኤጭ!» ብላ ጠረጴዛውን በመዳፏ ትመታው ነበር፤ ለእንዲህ ያለ ነገር ትዕግሥት የላትም። ዛሬ ግን እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ጽሑፉን ዝም ብላ አየችው፤ የሰው ሱቅ ታፔላ እንደሚያነብ መንገደኛ። ሐዘን ይመጣብኛል ብላ ስትጠብቅ ሰንብታለች፤ አልመጣም። ረሃብም፣ ድካምም አልመጣም። ትናንት ከቡሌ ስትወርድ ሚኒባሱ ውስጥ የማታውቃት ትንሽ ልጅ በእሷ ጭን ላይ ተኝታ ነበር የመጣችው፤ እግሯ መደንዘዙን ያወቀችው ልጅቱ ስትነሳ ነው። የቀረው ሰውነቷም ከዚያ የተለየ አልነበረም።

የምትሠራበት ቤት ዲላ ውስጥ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰው «ላቡ» ይለዋል። ላብ ሲባል ነጭ ጋዋንና ደም የተቀዳበት ብልቃጥ ለሚታየው ዘመድ ሁሉ ማስረዳት የሰለቻቸው ወጣቶች ናቸው የሚሠሩበት። ሥራቸው ሌላ ሰው የጻፈውን ሶፍትዌር ለሕዝብ ከመድረሱ በፊት መፈተሽ ነው፤ ስልክ ቁጥር በሚጻፍበት ቦታ ስም ይጽፋሉ፣ አትንኩ የተባሉትን ይነካሉ፣ ሳይፈቀድላቸው ሊገቡ ይሞክራሉ። እናት ስታሳድግ የምትቆጣበት ጠባይ ሁሉ እዚህ ደመወዝ ይከፈልበታል። ሰሞኑን የያዙት የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ከገበሬው የሚረከቡትን እሸት ቡና የሚመዘግቡበትን ሶፍትዌር ነው።

ይህ የሚፈተሽባቸው ሦስት ሰርቨሮች አሉ፤ የሁሉም ሰው ኮምፒውተር የሚያያዝባቸው ዋና ማሽኖች ማለት ነው። ስም ያወጣላቸው አሌክስ የተባለው የላቡ ቀልደኛ ነው። ሁለቱን ሬኮ እና ፍስሐ ገነት አላቸው፤ የቡና አገር ስም ስለሆነ ማንም አልተቃወመም። ሦስተኛው ማቀዝቀዣ ተገጥሞለት በር ተዘግቶበት ለብቻው ይኖራል። አሌክስ አንድ ቀን እዚያ ክፍል ቆይቶ ጥርሱን እያንገጫገጨ ወጣና «ይሄማ ቡሌ ነው እንጂ ሰርቨር ነው እንዴ!» አለ። ቡሌ ተብሎ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ላቡ ውስጥ «ቡሌ ቆመ»፣ «ቡሌ ሞተ»፣ «ቡሌን ማን ነካው?» ሲባል ነው የሚዋለው።

ካሳነሽ ግን አገሯ እውነተኛው ቡሌ ነው። ከዲላ ሽቅብ ሲወጣ፣ ቡናው እየሳሳ እንሰቱ ሲበዛ፣ ጉሙ እስከ ቀትር አልገፈፍ ሲል፣ እዚያ ነው። የአባቷ ቤት ከከተማው አልፎ በእግር ነው። መጀመሪያ ሰሞን የአገሯ ስም በሰርቨር ላይ ሲጠራ ትስቅ ነበር፤ ኋላ ጆሮዋ ለመደው።

ባለፈው ሳምንት፣ ቡሌ ሰርቨሩ ቆሞ ላቡ በተተራመሰበት ቀን፣ ገና ከቤት ሳትወጣ ወንድሟ ታዲዮስ ደወለላት። አባታቸው ሳንባው ሲያስቸግረው ከርሟል። «ዛሬስ ደህና አይደለም፤ ብትመጪ ይሻላል» አላት። ከዚያ አባቷ ራሱ ስልኩን ተቀበለ። በጌዴኦኛ፣ በእያንዳንዱ ቃል መካከል ትንፋሹን እየፈለገ፣ «ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ። አስፈቅደሽ ነይ» አላት።

ይህን የሚለው በምክንያት ነው። ድሮ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበር። አንድ ጊዜ ወንድሙ ሲሞት ሳያስፈቅድ ሄዶ ቀብሮ ሲመለስ፣ በሩ ላይ የእሱን ዱላ የያዘ ሌላ ዘበኛ ቆሞ ጠበቀው። የዚያን ሰው ፊት እስኪሞት ድረስ አልረሳውም። ለልጆቹ ሁሉ የሚነግራቸው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነበር፤ የትም ስትሄዱ አስፈቅዱ። ካሳነሽን ደግሞ በተለይ ይሰጋላት ነበር። ከእሷ በፊት የሞተበት ወንድ ልጅ ካሳ ናት ብሎ ነው ስሟን ያወጣው፤ ሥራ ስትይዝ ከእሷ በላይ የተደሰተው እሱ ነው። የሙከራ ጊዜዋም ሊያልቅ፣ ቋሚ የምትሆንበት ውል ሊፈረም የቀረው አንድ ሳምንት ብቻ ነበር።

ስለዚህ «እሺ አባባ፣ አስፈቅጄ እመጣለሁ» አለችው።

የላቡ ኃላፊ አቶ ልዑልሰገድ ክፉ ሰው አይደሉም፤ የቃል ነገር ግን አይወዱም። ቢሮ ድረስ መጥቶ እጁን እያሻሸ «አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነበር» የሚል ሰው ቆሽታቸውን ያሳርረዋል። ማንኛውም ጥያቄ በላቡ የስልክ ግሩፕ ላይ ተጽፎ ይቅረብ፣ መልሱም እዚያው ይሰጥ ብለው ደንብ አውጥተዋል። ያን ቀን ለስብሰባ ሐዋሳ ነበሩ። ከመሄዳቸው በፊት ግሩፑ ላይ አንዲት መስመር ትተዋል፤ «እስክመለስ ፈቃድ የሚፈልግ ሸምሰዲንን ይጠይቅ።»

ሸምሰዲን ሰርቨሮቹን የሚጠብቅ፣ ማን የት ይግባ ማን አይግባ የሚለውን የሚቆጣጠር ልጅ ነው። ከወራቤ የመጣ፣ ለላቡ አዲስ፣ ሥራ ሲበዛበት ብቻውን የሚያወራ።

ካሳነሽ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ስልኳን አወጣች። «አባቴ ታሞ» ብላ ጀመረችና አጠፋችው። ለዚህ ተጠያቂው አሌክስ ነው። አሌክስ በአንድ ዓመት ውስጥ አያቱን ሦስት ጊዜ ቀብሯል፤ ሦስተኛዋ አያት ጊዜ ግሩፑ ላይ የተደረደረው የሳቅ ምልክት ከላይ እስከ ታች ነበር። ከዚያ በኋላ ዘመድ ታሞብኛል የሚል ሰው ሁሉ «የአሌክስ አያት ናቸው?» መባሉ አልቀረም። አባቷን እዚያ መሳቂያ መካከል ማስገባት አልሆነላትም። ስለዚህ አጭር አድርጋ ጻፈች፤ «ሸምሱ፣ እኔም ፈቃድ ፈልጌ ነበር። ዛሬ ቡሌ መግባት አለብኝ። እባክህ ቶሎ።»

ጻፈችና ጠበቀች። ግሩፑ ላይ ሌላውም ይጽፋል፤ ሁሉም ፈቃድ ይላል። ሸምሰዲን ቀዝቃዛው ክፍል ገብቶ በሩን ዘግቷል። ምሳ ሰዓት አለፈ። ታዲዮስ ደውሎ «እንዴት ሆነ? አባባ ‹ፈቀዱላት?› እያለ ይጠይቃል» አላት። «እየጠበቅኩ ነው በለው» አለችው። ሄዳ በሩን አንኳኳች። ሸምሰዲን ጭንቅላቱን ብቻ አወጣ፤ ፊቱ በድካም ደርቋል።

«ግሩፑ ላይ የጻፍኩትን አየኸው?»

«ገና ነኝ ካሱዬ፣ አላህ ያሳይሽ፣ ሁላችሁንም አንድ ላይ እመልሳለሁ፤ ትንሽ ታገሡኝ።»

«አባቴ» የሚለው ቃል ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። በሩ ተዘጋ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። «ተፈቅዶልሻል። ግቢ።»

ለታዲዮስ «ፈቀዱልኝ!» ብላ ደወለችና ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆመ፣ መንገዱ ዝናብ የበላው ነበር፣ ከመኪና ወርዳ ሽቅብ ስትወጣ ጨለመ። ቤቱ ከመታየቱ በፊት ለቅሶው ተሰማት። ታዲዮስ አጥሩ ጋ ተቀብሏት የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር፤ «አሥር ሰዓት ላይ ነው። ፈቅደውላታል አልኩት፤ ‹ጎሽ› ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። እስከዚያ ከበሩ ላይ አልነቀለውም ነበር።»

በቀብሩም፣ ከቀብሩም በኋላ በነበሩት ቀናት ካሳነሽ የያዘችው ይህንኑ ብቻ ነው። አልደረስኩም፤ ግን ያለኝን አድርጌያለሁ፤ አስፈቅጃለሁ፤ መፈቀዱንም ሰምቷል። የስልኳ ባትሪ አልቆ ነበር፤ ቻርጅ ላድርግልሽ ያላትን ሰው ለምን ብላ ተወችው። ሰዎች መጡ፣ ዘመሩ፣ ጸለዩ፣ ሄዱ። እሷ የመጣውን ሁሉ እየተቀበለች ታስቀምጥ ነበር። እናቷ ጥቁር መልበስ አያስፈልግም፣ ጌታ ጋ ነው የሄደው ብላ ስለከለከለቻት፣ በሄደችበት ቡናማ ሹራብ ወደ ዲላ ተመለሰች።

እና ኮምፒውተሯ አላውቅሽም አላት።

«ካሱ! የት ጠፍተሽ ነው?» አለ ሸምሰዲን፤ መልሱን ሳይጠብቅ ጠረጴዛዋ ሥር ገባ።

«ቡሌ ነበርኩ» አለችው።

«ቡሌ ዛሬ ደህና ነው» አለ ከጠረጴዛው ሥር። «ጠዋት አይቼዋለሁ።»

ነገሩ እንግዳ ሊሆንባት ይገባ ነበር። ግን ሰሞኑን ሰው የሚናገረው ሁሉ ከሩቅ ነበር የሚሰማት። ሸምሰዲን አቧራ ለብሶ ወጣ፤ እጁ ላይ ጫፉ የተሰበረ የኔትወርክ ኬብል አለ።

«ይሄ ያንቺ ነው? ያንቺ እኮ አዲስ ነበር።»

ከወዲያ ማዶ አሌክስ አንገቱን ሰበረ። «ተመልሳ አትመጣም ሲባል ጊዜ ነው እንጂ…» ብሎ ከራሱ ኮምፒውተር ላይ አዲሱን ነቀለና አመጣላት። «ጥፋት ነው፣ ይቅር በይኝ። ግን የእውነት የት ነበርሽ? ያገባሽ መስሎን ነበር።»

ካሳነሽ ፈገግ አለች። ፈገግ ማለት እንዲህ ቀላል መሆኑ ገረማት፤ ፊት ብቻውን ይሠራዋል።

ሸምሰዲን ኬብሉን ሰክቶ ጥቁር መስኮት ከፈተ፤ ወደ ቡሌ ጥሪ ላከ፣ ቡሌም መለሰ። «ግንኙነቱ መጥቷል። ግቢ እስቲ።» የይለፍ ቃሏን ጻፈች። አሁን ደግሞ በቀይ «ፈቃድ የለዎትም» አላት። በአንቱታ። ማሽን ሰው ሲያባርር ጨዋ ነው።

«እንዴ!» አለ ሸምሰዲን። «ፈቃድማ አለሽ፤ እኔው ራሴ ነኝ የሰጠሁሽ። ቆይ።» ብቻውን እያወራ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ሄደ። ግንኙነት ሌላ፣ ፈቃድ ሌላ፤ መስመሩ ካለ ፈቃዱ የት ሄደ? እያለ ነበር።

እሱ እንደገባ አቶ ልዑልሰገድ ከቢሯቸው ወጡ። ካሳነሽ ጠረጴዛ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ድምፃቸውን አላነሱም፤ ላቡ ግን ሁሉ ጆሮ ሆነ።

«ካሳነሽ ይርጋ። መጣሽ?»

«መጣሁ።»

«ዛሬ ከሰዓት በኋላ የሙከራ ጊዜያቸውን የጨረሱ ሰዎች ውል ይፈርማሉ። ያንቺን ለብቻው አስቀምጬዋለሁ። ሳምንት ሙሉ ያለ ፈቃድ የጠፋን ሰው ቋሚ አድርጉልኝ ብዬ ለበላይ መጻፍ አልችልም። ስልክሽም ተዘግቶ ነበር።»

«ፈቃድ ነበረኝ» አለች ካሳነሽ።

«እኔ ሰጥቼሻለሁ?»

«አይ…»

«ካለሽ ከምሳ በፊት ይዘሽ ነይና አሳዪኝ። ከሌለሽ ግን ዕቃሽን አዘጋጂ።» ወደ ቢሯቸው ተመለሱ።

መፍራት ነበረባት። አባቷ ዕድሜውን በሙሉ የፈራላት ቀን ይኸው መጥቶ ፊት ለፊቷ ቆሟል፤ በሩ ላይ ዱላ የያዘ ሌላ ዘበኛ። እሷ ግን ልቧ እንኳ አልፈጠነም። ፈቃዱ ትናንት ማታ ቻርጅ ባደረገችው ስልኳ ውስጥ አለ፤ ታሳያቸዋለች፤ ያልቃል። ግሩፑን ከፍታ ያን ቀን እስክታገኝ ወደ ላይ ገፋችው። አገኘችው። የእሷ ጥያቄ፣ ከሥሩ የሸምሰዲን መልስ። አሁን ገና ልብ አለች፣ ከእሷ በላይም ከእሷ በታችም ሰው ሁሉ የጻፈው አንድ ዓይነት ነገር ነበር፤ «ሬኮ ፈቃድ የለህም ይለኛል»፣ «ፍስሐ ገነት ልገባ ፈቃድ ስጠኝ»፣ «ለእኔም ቡሌ»። ሸምሰዲን ለሁሉም መልሷል። ተፈቅዷል። ተፈቅዷል። ተፈቅዶልሃል፣ ግባ።

አየችው እንጂ ገና አልገባትም። ወይም ገብቷት እንዳይገባት እየታገለች ነበር።

ሸምሰዲን ላፕቶፑን ክንዱ ላይ ዘርግቶ መጣ፤ መፍትሔ ያገኘ ሰው ፊት ነበረው። «አገኘሁት! የዘጋሽ ሰርቨሩ አይደለም። ጠዋት ጠዋት የምንፈርምበት የጣት አሻራ ማሽን የለ? አለቃ እሱን ከአካውንታችን ጋር አያይዘውታል፤ እኔም አላውቅም ነበር። ሰው ሳያስፈቅድ ሲቀር ራሱ ይቆልፈዋል። ‹ያለ ፈቃድ የቀረች› ይላል ስምሽ ላይ። የሚከፍቱት እሳቸው ብቻ ናቸው።»

«ግን ፈቃድ ሰጥተኸኛል።»

«እሱማ ሰጥቼሻለሁ። ይኸው፣ ያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት፣ ቡሌ እንድትገቢ። እንዲያውም ሲገርመኝ ነው የሰነበተው፤ እንደዚያ ቶሎ ቶሎ ብለሽ ጠይቀሽኝ አንድ ቀን እንኳ አልገባሽም።»

«ገብቻለሁ እንጂ» አለች ካሳነሽ። «የደረስኩት መሽቶ ነው።»

ሸምሰዲን መዝገቡን በጣቱ ወደ ታች ሄደበት። «መቼ? እዚህ የለሽም እኮ ካሱ። ቡሌ የገባ ሰው ሁሉ እዚህ ይጻፋል።»

«አባቴን ቀብሬ ነው የመጣሁት፣ ሸምሱ። ቡሌ።»

ጣቱ ቆመ። ላፕቶፑን አየ፣ ስልኳን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ግሩፑ ላይ የጻፈችውን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እንደገና አነበበው፤ ዛሬ ቡሌ መግባት አለብኝ። «ኢና ሊላሂ» አለ። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ። «እኔ እኮ ሰርቨሩን መስሎኝ ነው። ያን ቀን ሁሉም ሰው… አንቺም ሰርቨሩን መስሎኝ ነው። በሩን ስታንኳኪ እንኳ። ወላሂ ካሱ።»

«አውቃለሁ» አለችው። ማጽናናት የነበረበት እሱ ነበር፤ የምታጽናናው ግን እሷ ሆነች፤ ቀላልም ነበር። «አንተ ምን ታደርግ። እኔ ነኝ አባቴ ያላልኩት።»

አሌክስ ሰምቶ ነበር። ሁሉም ሰምቷል። ወንበሮች ተንቀሳቀሱ፤ አንድ በአንድ መጥተው ቆሙ። «ለቅሶ እንኳ ሳንደርስሽ!» አለ አሌክስ፤ ድምፁ ውስጥ ቀልድ የሚባል ነገር አልነበረም። «ምነው፣ አንድ ቃል ብትነግሪን? ሌሊትም ቢሆን እንመጣ ነበር እኮ።» ይመጡ ነበር፤ እውነቱን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ላቡ አይታማም። ሦስቱን አያቶች ግን ማንም አላነሳበትም፤ እሱም ከየት እንደመጣበት ሳያውቅ ዓይኑን እንባ ሞላው። ካሳነሽ የእያንዳንዱን እጅ ተቀበለች። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲሏት «አሜን» አለች።

ከዚያ ጭንቅላቷ በሥራ ልማድ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ደገመው። መፈተሽ ያስለመዳት ይህንን ነው፤ ምን ተደረገ፣ ቀጥሎ ምን ሆነ፣ ምን መሆን ነበረበት። ፈቃድ ጠየቀች። ጠበቀች። ሌላ ፈቃድ ተሰጣት። ለታዲዮስ ፈቀዱልኝ አለችው። ታዲዮስ ለአባቷ ነገረው። አባቷ ጎሽ አለ።

«አልፈቀዳችሁልኝም ነበር ማለት ነው?» አለች።

ሸምሰዲን ከወለሉ ተነስቶ ላፕቶፑን ዘጋ።

«ቀኑን ሙሉ ‹ፈቀዱላት?› ሲል ነበር የዋለው። ፈቅደዋል ብለን ነገርነው። ያንን ሰምቶ ነው የሞተው።» ድምፅዋ የሰው ነገር እንደምታወራ ያህል ደረቅ ነበር። «ዋሽተነዋል።»

ያን ጊዜ አንድ ነገር ተሰማት፤ እንባ አይደለም፣ ደም ሲመለስበት እንደሚወጋ እግር ያለ ነገር ነው፣ ደረቷ ላይ። ያማል። ሰሞኑን ያመማት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር። ቶሎ ተነሳችና ስልኳን ይዛ ወደ አቶ ልዑልሰገድ ቢሮ ሄደች፤ ሸምሰዲን ተከተላት።

አቶ ልዑልሰገድ ስልኩን ተቀብለው አነበቡ። ሸምሰዲን ሊያስረዳ ጀመረ፤ በእጃቸው አስቆሙት። ወደ ላይ ገፋ አድርገው ራሳቸው ከሐዋሳ በፊት የጻፏትን መስመር አገኙ፤ «ፈቃድ የሚፈልግ ሸምሰዲንን ይጠይቅ»። መነጽራቸውን አወለቁ።

«የሰርቨሩን ማለቴ ነበር» አሉ።

«እኔ ደግሞ የሥራውን መስሎኝ ነው» አለች ካሳነሽ።

«ለምን አባቴ ታሞ ነው ብለሽ አልጻፍሽም፣ ልጄ?»

«ሰው ይስቃል ብዬ።»

አሌክስ ሦስተኛ አያቱን በቀበረ ጊዜ ከተደረደሩት የሳቅ ምልክቶች አንዱ የአቶ ልዑልሰገድ ነበር፤ አስታወሱት መሰል፣ ስልኩን መልሰው ሲሰጧት ዓይኗን አላዩም። ከዚያ ከመቀመጫቸው ተነስተው በቆሙበት አጽናኗት፤ ደንብ የሚወዱ ሰው ናቸውና ለቅሶንም በደንቡ አደረጉት። ተቀመጡና ወረቀት አወጡ።

«ጥፋቱ የእኔም ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ እንደ ተፈቀደልሽ ሆኖ ይጻፋል። አካውንትሽን አሁኑኑ እከፍተዋለሁ፤ ውሉንም ከሌሎቹ ጋር ትፈርሚያለሽ። ስለ ሥራሽ አታስቢ።»

ይህን ነበር አባቷ የፈለገው። ሥራዋ ተርፏል፤ ዘበኛው ዱላውን መልሷል። ካሳነሽ «አመሰግናለሁ» አለች፤ ቃሉን እንጂ የምስጋናውን ስሜት አላገኘችውም።

አቶ ልዑልሰገድ ስሟን ጻፉ፣ ቀኑን ጻፉ፣ እስክሪብቷቸውን አነሱ። «ከስንት ሰዓት ጀምሮ ልበለው? ሸምሰዲን የመለሰልሽ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ከዘጠኝ ሰዓት ልበል?»

«ከጠዋቱ ይበሉልኝ።»

«ለደንቡ ለውጥ የለውም እኮ። ቀኑ ያው አንድ ቀን ነው።»

«አውቃለሁ» አለች ካሳነሽ። ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘችው፤ ድምፅዋ አሁን የራሷ ነበር። «ከጠዋቱ ይበሉልኝ፣ አቶ ልዑልሰገድ። እባክዎን።»

ሸምሰዲን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አቶ ልዑልሰገድ ምንም ሳይጠይቁ ጻፉት፣ ፈረሙበት፣ ማኅተሙን መቱበት፣ ሰጧት።

እዚያው ቆማ አነበበችው። ካሳነሽ ይርጋ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ወደ ቡሌ እንድትሄድ ተፈቅዶላታል ይላል። እንባዋ ፊደሎቹን ቢያደበዝዝባትም እንደገና ከላይ ጀመረች። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቢቆም፣ መንገዱ ቢጨቀይ፣ ከመኪና ወርዳ ሽቅብ ብትሄድ፣ ከቀትር በፊት ቤት ትገባለች። አባቷ እስከ አሥር ሰዓት ዓይኑን ከበሩ ላይ አልነቀለም። በዚህ ወረቀት ደርሳለች።